ቁልፍ ስትገዛ ብሎን ይዘህ ሂድ

ልጄ፣ የመካኒክነት ሙያ መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ካራ ቆሬ ጋራዥ ሞልቷል። እጁ የተመሰከረለት መካኒክ ግን ዛሬም በብርቱ ይፈለጋል። አንተም እንደዚያ እንደምትሆን አልጠራጠርም። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ደመወዝህን ይዘህ መርካቶ ስትወርድ፣ የሚያብለጨልጭ ሙሉ የቁልፍ ሳጥን ዓይንህን እንዳይማርከው እሰጋለሁ።

ቁልፍ ስልህ ባንድ ጫፉ ክፍት አፍ፣ በሌላው ጫፉ ቀለበት ያለውን ነው። ቀን ሙሉ ከእጅህ የማይለየው እሱ ነውና አመራረጡን እወቅበት።

ስም ያላቸው ፋብሪካዎች ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የጀርመኑ ስታልቪለ ከ1862፣ ሃዜት ከ1868፣ ጌዶሬ ከ1919፣ የፈረንሳዩ ፋኮም ከ1918፣ የጣሊያኑ ቤታ ከ1923 ጀምሮ አሉ። ስታልቪለ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ይወደዳል፤ ጠባብ ቦታ ይገባል። የአሜሪካው ስናፕ ኦን ደግሞ የቀለበቱን ውስጥ የቀረጸው ጫናው ከብሎኑ ማዕዘን ሸሽቶ ጎኑ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዛሬ ብዙዎች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

እነዚህ ውድ ናቸው፤ አውቃለሁ። ገበያችን ላይ የሚበዛው የቻይናና የታይዋን ሥራ ነው። ከዚያም መሐል ደህና ቁልፍ አለ። ብቻ «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውን ጽሑፍ አይተህ አትመን። ጽሑፉን ማንም ይቀርጸዋል። ስሙን አንብብ፤ ፍርዱን ግን ለእጅህ ተው።

ስለዚህ ስትሄድ ያልተነካ አዲስ ብሎን ኪስህ ውስጥ ያዝ። ባለሱቁን በትሕትና አስፈቅደህ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገባና ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገው። ጥቂት መላወስ ያለ ነው። ከተንቀዋለለ ግን አመስግነህ መልስለት። ቀጥሎ አፉን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ትይዩ ይሁኑ። የቀለበቱ ጥርሶች ጥርት ብለው ይውጡ፤ ክሮሙም ያበጠበት ቦታ አይኑር።

ከዚያ ጨብጠው። አጥብቀህ ጨብጠው። ጠርዙ ስለታም የሆነ ቁልፍ ጠዋት አይታወቅህም፤ ከሰዓት በኋላ መዳፍህን ያቆስለዋል። እንደ መስታወት የሚያበራው ዘይት ሲነካው ያዳልጣል፤ ደብዘዝ ያለው የተሻለ ይያዛል። ረዘም ያለው ጉልበት ይቆጥብልሃል፤ አጠር ያለው ጠባብ ቦታ ይጠቅምሃል።

መጥፎ ቁልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀርበህ እይ። መጀመሪያ ከብሎኑ ማዕዘን ላይ ቀጭን የብረት ልጣጭ ትነሳለች። ያቺን ስታይ እጅህን አቁም። ደግመህ ከሳብክ ማዕዘኑ ይላጣል። ከዚያ ፒንሳ ትፈልጋለህ፤ ከፒንሳው ቀጥሎ መዶሻና መሮ ይመጣል። እጅህም ሸርተት ብሎ ብረት ይመታል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልማዱ ነው። መዶሻ የለመደ እጅ ቀስ ብሎ መፍታት ይከብደዋል።

ቁጥሩንም ጠንቅቅ። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በጃፓን መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቁልፍ ይፈልጋል፤ በአውሮፓ መኪና ላይ የ13። የ12ን በ13 እፈታለሁ አትበል። ጋራዥህ የሚመጣው ቶዮታ ከሆነ ከ10፣ ከ12፣ ከ14ና ከ17 ጀምር። አራት ደህና ቁልፎች ከአንድ ሳጥን ደካማ ቁልፍ ይበልጣሉ። ባንድ ጊዜ ካልቻልክ በየወሩ አንድ አንድ ግዛ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ደህናውን ከገዛህ ደህና አድርገህ ያዘው። የጠበቀውን መጀመሪያ በቀለበቱ አላላ፤ ክፍት አፉን ለላላው ተጠቀምበት። ቦታው ከፈቀደ ወደ ራስህ ሳብ፤ ከገፋህና ካመለጠህ ጣትህ ይጎዳል። ቱቦ አትቀጥልበት። በመዶሻ አትምታው። ማታ ጠርገህ ቦታው መልሰው።

ይህን ሁሉ የምልህ ትችላለህ ብዬ ነው። የመኪናው ባለቤት ቁልፍህን አያየውም። ነገ ያንኑ መኪና የሚፈታው መካኒክ ግን ብሎኖቹን ያያል። ከአንተ በፊት የነካቸው ሰው ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደነበረ ከማዕዘናቸው ይረዳል። ያ ሰው ስላንተ መልካም እንዲናገር አድርገህ ሥራ፣ ልጄ።