በመልክ አይቶ ስለ መፍረድና ስለ ቅድስት እንባ መሪና

በየደብሩ ስንመላለስ ካየነው ነገር አንዱ ልባችንን ሲያሳዝነው ኖሯልና ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም ወንዳወንድ ስለምትባል ሴት ነው። ጠጕሯን እንደ ወንድ አሳጥራ የተቈረጠች፥ አረማመዷና ድምፅዋ ወንድ የሚመስል፥ ሱሪ የለበሰች አንዲት ልጅ በአንድ ደብር ቅጽር በር ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ሳለች የሚያልፈው ሁሉ እየተጠቃቀሰ ያማት ነበር፤ አንድ ሽማግሌም «ከዚህ ሂጂ» ብለው መለሷት። እኛም በዚያ ነበርን፤ ቅዳሴ ሊገባ ነው ብለን ዝም ብለን አለፍን። ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

የሚከራከሩን ሰዎች ኦሪትን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ሴት የወንድን ልብስ፥ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብስ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 5 ተጽፏል። በአራተኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰቡት አባቶችም በ13ኛው ቀኖናቸው በምናኔ አመካኝታ የወንድ ልብስ የምትለብሰውን ሴት አውግዘዋል። ይህን አንሽርም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በስንክሳርዋ እነማንን እንደምታከብር ደግሞ ማንበብ ይገባል። ጥር 21 ቀን የንጉሥ ዘይኑንን ልጅ ኢላርያን ታነሣለች፤ እርስዋ በአስቄጥስ ገዳም በወንድ ልብስ ስትኖር ጢም ስለሌላት መነኮሳቱ ጃንደረባ መስላቸው ነበር።

ነሐሴ 15 ቀን የምትታሰበው ቅድስት እንባ መሪና ግን ለነገራችን እጅግ ትቀርባለች። አባትዋ ሊመንን ሲነሣ የራስህን ነፍስ አድነህ የእኔን ልታጠፋ ነውን ብላ ጠጕሯን ተላጭታ፥ የወንድ ልብስ ለብሳ ተከተለችው። አባትዋ ካረፈ በኋላ የእንግዳ ማደሪያ ባለቤት ልጅ ከሌላ ሰው ፀንሳ ሳለ ያስነወረኝ ይህ መነኩሴ ነው ብላ ከሰሰቻት። አበ ምኔቱም አባረራት። አንዲት ቃል ተናግራ፥ ሴት ነኝ ብላ መዳን ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ሕፃኑን ተቀብላ በገዳሙ ደጅ ከእረኞች ወተት እየለመነች አሳደገችው። ሴት መሆንዋ የታወቀው ዐርፋ ሊገንዟት በቀረቡ ጊዜ ነው። መነኮሳቱ ያን ጊዜ አለቀሱ። ልብ በሉ፤ የፈረዱት ክፉዎች አልነበሩም፥ ጸሎተኞች ነበሩ።

ወንዳወንድ የሆነችውን ሁሉ ሴት ትወዳለች ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። አካሄድና ድምፅ ምስክር አይሆኑም። የጠረጠሩት እውነት ቢሆንስ? ቤተ ክርስቲያን ስለ ተክሊልና ስለ ሥጋ ፈቃድ የምታስተምረው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም፤ ነገር ግን ያን ጊዜም የእርስዋ ነገር ከንስሐ አባትዋ ጋር ነው እንጂ የቅጽር በር ወሬ አይደለም። ሐሜትም ኃጢአት ነው፤ ሐሜተኛውን ከበር የመለሰው ማነው? እንዲህ ያለችውን ልጅ ከቤት የሚያባርሩ፥ የሚደበድቡም ወላጆች እንዳሉ ሰምተናል፤ ይህን በየትኛው ቀኖና እንዳገኙት ቢነግሩን እንወድ ነበር።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ እንዲህ ያለችው ሴት ወደ ደጃችሁ ብትመጣ አስቀድማችሁ ስምዋን ጠይቁ፤ እኛ ያችን ልጅ ስምዋን እንኳ አልጠየቅናትም። የሚያውቃት ቢኖር፥ በዚያ ቀን ዝም ብለው ያለፉት ካህን ይቅርታ ሊለምኗት ይፈልጋሉ ብላችሁ ንገሩልን።