«የመንግሥት ነው» አትበይ፣ ልጄ

ልጄ፣ የቀበሌው ቤት ኪራይ ውል በስምሽ መዞሩን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ደስ ቢለኝም ግን ትንሽ ሐሳብ ገብቶኛል። የቀበሌ ቤት መያዝ ቀላል ይመስላል። ኪራዩ ጥቂት ነው፤ አከራይ በየወሩ በር አያንኳኳም። ብዙ ሰው የተዘናጋው በዚሁ ነው። አንቺ እንዳትዘናጊ ብዬ ነውና ታግሰሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ ቤቱ ከየት እንደመጣ እወቂ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ስለዚህ የቀበሌዎቹ ከጥንትም የአነስተኛ ነዋሪ ቤቶች ነበሩ። አብዛኞቹ በእንጨትና በጭቃ የቆሙ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ ሽንት ቤት የሚጋሩ ናቸው። አዋጁ ኪራዩንም ቀነሰው። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለቤቱ ማደሻ የሚሆን ገንዘብ ግን ከዚያ ኪራይ አልወጣም። ቀበሌው «አቅም የለኝም» አለ፤ ተከራዩ «የመንግሥት ነው» አለ። ቤቱ ሁለቱን ሲጠብቅ አረጀ።

ይቺን «የመንግሥት ነው» የምትለውን ቃል ከአፍሽ አርቂያት። ጣሪያው ሲያፈስ የሚርሰው ያንቺ ፍራሽ ነው። ግድግዳው ሲዘም ከሥሩ የሚተኙት ያንቺ ልጆች ናቸው። ቤቱ የመንግሥት ይሁን፤ የሚኖርበት ሰው ካልጠበቀው ማንም አይጠብቀውም።

ከወረቀቱ ልጀምርልሽ። ኪራይሽን በጊዜው ክፈዪ። ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ «በሚቀጥለው ወር አንድ ላይ እከፍላለሁ» ይባላል፤ ከዚያም ይረሳል። ወር በወር ላይ ሲደረብ ውዝፍ ይሆናል፤ ውዝፍ ያለበት ሰው ደግሞ ዛሬ ቤቱን ወደሚያስተዳድረው ወረዳ ሄዶ አንገቱን ቀና አድርጎ አይጠይቅም። ደረሰኙን አትጣዪ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ውሉን፣ ደረሰኞቹን፣ የመታወቂያሽን ቅጂና የመብራት ቢሉን በአንድ ክላሰር አድርገሽ እርጥበት ከማይደርስበት አስቀምጪ። ውል አድሱ ሲባል ቀን አታሳልፊ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በልደታም፣ በካዛንቺስም፣ በፒያሳም ሰፈር ሲነሳ አይተናል። ሕጋዊ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት ይቀርብለታል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውልና ደረሰኝ ነው። ለዓመታት በአንድ ቤት የኖረ ሰው፣ ውሉ በሟች ስም እንደተቀመጠ ስለቀረ ብቻ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ማየት ያሳዝናል። አንቺ ይህ እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

ሌላም ፈተና ይመጣብሻል። አንዱ «አንዷን ክፍል ለደባል ስጪ» ይልሻል። ሌላው «የቁልፍ ልስጥሽና ልቀቂልኝ» ይላል። ኑሮ ሲከብድ ገንዘቡ ያጓጓል፤ አልፈርድብሽም። ግን የኪራይ ቤት አይሸጥም። የገዛው ሰው የሚከራከርበት ወረቀት አይኖረውም፤ የሸጠውም መመለሻ አይኖረውም። ገንዘቡ ያልቃል፤ ቤት ያጣ ሰው ግን በየጊዜው ኪራይ እየተጨመረበት ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ይኖራል።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። ውኃ ካልነካው ብዙ ዘመን ይቆማል። አንድ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። የሚስማሩ ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በሰኔ ጠብታ ትገባለች፤ ኮርኒሱ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ታወጣለች። ሳፋ ይደቀንላታል። ክረምቱ ሲያልፍ ትረሳለች። በሚቀጥለው ክረምት ውኃው በማገሩ ወርዶ ቋሚውን ያገኘዋል። ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል፤ ምርጊቱ ሆዱን ነፍቶ ይረግፋል። አንድ ሚስማር መቀየር ጥቂት ብር ነበር። ግድግዳ ማቆም ግን የስንት ወር ደመወዝ ነው! ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ።

ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ጣሪያሽን አሳዪ። የላላውን ሚስማር አስመቺ፤ የዛገውን ቆርቆሮ አስቀይሪ፤ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ከሆነ አስጠርጊ። በግድግዳው ዙሪያ ውኃ የሚሄድባት ትንሽ ቦይ ይኑርሽ። የልብስና የዕቃ እጣቢ በግድግዳው ሥር አትድፊ፤ ይህ ብዙ ቤት የጎዳ ልማድ ነው። ግድግዳው ሲላላጥ በጭቃ አስመርጊው። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ፣ ለቀናት እየተገላበጠ ይቆይ፤ ቸኩለው የመረጉት ይሰነጣጠቃል። እርጥበት ባለው ጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ለዓይን ያምራል፤ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውሎ አድሮ ልስኑ ተገንጥሎ ይወድቃል።

ግድግዳ አፍርሶ መሥራት ወይም ክፍል መቀጠል ሲያስፈልግሽ አስቀድመሽ ወረዳውን አስፈቅጂ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፊ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ባንቺ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። «ነግሬያቸው ነበር» ማለት ነገ አያድንሽም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ያድንሻል። መልስ ቢዘገይ በትሕትና ተመላለሺ፤ አትሰልቺ።

የመብራቱን ነገር አደራ። የድሮ ቤት ሽቦ ቀጭን ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ምጣዱን በማራዘሚያ አትሰኪው። ሶኬቱ ከጋለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወዲያው አጥፍተሽ ባለሙያ ጥሪ። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቀጥሎ የሚሰጥሽን ሰው እንቢ በዪው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ ካንዱ የተነሳ እሳት የስንቱን ጎረቤት ንብረት ይበላል! በክረምትም ለሙቀት ብለሽ ከሰል አቀጣጥለሽ፣ በር ዘግተሽ አትተኚ። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

የመጨረሻው ጎረቤት ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ቧንቧው የጋራ ነው፤ ግቢው የጋራ ነው። የጽዳት ተራሽን አታሳልፊ። ጨርቅና ፌስታል ወደ ጉድጓዱ አትጣዪ፤ የመምጠጫው መኪና ሲመጣ ቱቦው ይደፈናል። መዋጮውን ደግሞ ጉድጓዱ እስኪሞላ ሳትጠብቁ አስቀድማችሁ ሰብስቡ። አንድ ጎረቤት ባይከፍል፣ ጠብ ሳትጀምሪ ለብቻው አነጋግሪው፤ ምናልባት የከበደው ነገር ይኖራል። ግቢው ተስማምቶ በአንድ ማመልከቻ ሲጠይቅ ወረዳውም ከአንድ ሰው ይልቅ ይሰማል።

ነገሩ ብዙ መሰለሽ? በአንድ ቀን አድርጊው አላልኩሽም። በዚህ ሳምንት ወረቀቶችሽን ሰብስቢ፤ የጎደለውን ደረሰኝ ጠይቂ። በሚቀጥለው ሳምንት ጣሪያሽን አሳዪ። ከዚያ ጎረቤቶችሽን ቡና ጠርተሽ ስለ ሽንት ቤቱ ተነጋገሩ። አንዴ ከጀመርሽው ልማድ ይሆንልሻል። ከጊዜ በኋላም ሰው ሳይመክርሽ አንቺው ራስሽ ሌላውን ትመክሪያለሽ።

እንደምትችዪ አውቃለሁ። ቤትሽ የሰላም ይሁንልሽ፤ ልጆችሽን በደረቅ መኝታ አሳድጊባት።