ዋስ የሌለው ሙግት

አንድ ሰው ስለ ጦርነት፣ ስለ ምንዛሪ ወይም ስለ ሲኖዶስ ውዝግብ ሐሳቡን ፌስቡክ ላይ ሲለቅ፣ ከሥሩ የሚደረደረውን አስተያየት ልብ ብሎ ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ለተጻፈው ነገር የሚሰጠው መልስ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ስለ ጸሐፊው ነው። የአባቱ ስም ይመረመራል። ፎቶው ላይ ባንዲራ አለ ወይ፣ ባንዲራውስ ልሙጥ ነው ወይስ ኮከብ አለው እየተባለ ይታያል። የዛሬ ሦስት ዓመት የለጠፈው ተቆፍሮ ይወጣል። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፦ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ሎጂክ የተማረ ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው። ነገርን ትቶ ሰውን መምታት ስሕተት ነው፤ ክርክር የሚመዘነው በራሱ ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ በተናጋሪው ዘር አይለወጥም ይላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ሩቅ አያስኬድም። ስለ ወቅታዊ ጉዳይ ስንሟገት አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው በዓይናችን ስላላየነው ነገር ነው። «እዚያ ከተማ ትናንት ሌሊት እንዲህ ተደረገ» የሚለኝ ሰው ስሌት አላቀረበልኝም፤ እየመሰከረ ነው። ምስክርነት ደግሞ ከመስካሪው ተለይቶ አይመዘንም። አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ቢዋሽ ምን ያጣል? ነገ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የት አገኘዋለሁ? እንግዲህ «ማን ነህ?» ማለት በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፣ እኛ ደግሞ የሚጠቅመውን ጥለን የሚጎዳውን ይዘናል።

ልዩነቱ በአገራችን የድሮ ሙግት ውስጥ በግልጽ ይታያል። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ሁለት ባላጋራዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ፍረደን» ማለት ይችሉ ነበር። መንገደኛው ጨርሶ የማያውቃቸው ቢሆንም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል። ተሟጋቾቹ ግን እንዲሁ አይቆሙም። ለፍርዱ እንደሚገዙ ዋስ ይጠራሉ፤ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱም ያሉት እውነት ካልሆነ በቅሎ ወይም ማር እንደሚሰጡ ይወራረዳሉ። አንዱ እንዳያመልጥ በሸማ ጫፍ ከባላጋራው ጋር ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ የሚሄድበት ጊዜም ነበር። ያ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ በቅሎ ለመወራረድ በመጀመሪያ በቅሎ ሊኖርህ ይገባል፤ ድሃው በተናገረ ቁጥር ከሀብታሙ የበለጠ ይፈራል። ቢሆንም አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፦ የማያውቁት ሰው ቃል ክብደት የሚያገኘው ተናጋሪው ከቃሉ ጋር ሲታሰር ነው። ዳኛው «ማን ነህ?» ሲል የሚፈልገው «ለዚህ ቃልህ ነገ ማን ይጠየቃል?» የሚለውን ነው።

በስልካችን ላይ የምንጠያየቀው ሌላኛውን ነው፦ «ከየትኛው ወገን ነህ?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየውን ከተናገረው ነገር ጋር ያስተሳስረዋል። ሁለተኛው ከተናገረው ነገር ነጥሎ ከሕዝብ ጋር ይደምረዋል። ወገኑ ከታወቀ በኋላ ምንም ቢናገር ያው ነው፤ እውነት ቢናገር «ተንኮል አስቦ ነው»፣ ቢሳሳት «ድሮም እነሱ» ይባላል።

የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት ከ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። መጽሐፉ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የካቶሊክና የተዋሕዶ ክርክር በጋለበት ወቅት፣ መጻሕፍት የሚያስተምር አንድ ሰው ይተርካል። ሰውየው ሲያስተምር ፈረንጆቹ ይህን ይላሉ፣ ግብጾቹ ያን ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያስረዳል። ለየትኛውም አልወገነምና ሁለቱም ወገን ጠላው፤ ተከሶም ሸሽቶ ዋሻ ገባ። በመካከል የቆመ ሰው ዕጣ ያኔም ያው ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ግን የመጽሐፉ የራሱ ዕጣ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ጸሐፊው መነኩሴው ነው እንበል። ምን ይፈርሳል? ስለ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኑሮ የሚተርከው ክፍል ይፈርሳል፤ ምስክርነት ነውና ያላየው ሰው ሊመሰክረው አይችልም። እግዚአብሔር ለሁሉም ሰው ልቡና ስለ ሰጠ ሁሉም ይመርምር የሚለው ሙግት ግን ማንም ጻፈው ማን አይነቃነቅም። ከማናውቀው ሰው ጋር ስንከራከር ልንለምደው የሚገባን ይህን መለየት ነው። ሰውየው ያቀረበው ምክንያት ከሆነ ምክንያቱን፣ ያቀረበው ወሬ ከሆነ ምንጩን መጠየቅ። በሁለቱም ጊዜ የአያቱ አገር አያስፈልገንም።

«እንግዲያው ሁሉም በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ፤ ያኔ ዋስ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቢቀል ጥሩ ነበር። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያን ሲታሰሩ በስማቸውና በፎቷቸው የሚጽፉ ወጣቶች ነበሩ፤ ለቃላቸው ራሳቸውን ዋስ አድርገው የተያዙትም እነሱው ሆኑ። መንግሥት ሲያስፈራ የብዕር ስም መጠለያ ነው። ደግሞም ስም መደበቅና ኃላፊነት መሸሽ አንድ አይደሉም። ከምርጫ 97 በፊትና በኋላ በውጭ ያለው ሐበሻ ፓልቶክ በሚባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች ሌት ተቀን ሲሟገት አብዛኛው በቅጽል ስም ነበር። እጅ አውጥቶ ተራ ይጠብቃል፣ አድሚኑ ማይክ ይሰጠዋል፣ ካጠፋ ቀይ ነጥብ ያርፍበታል። ክፍሎቹ ስድብ አላጣቸውም፤ ሆኖም አንድን ቅጽል ስም ለዓመታት ይዞ የዘለቀ ሰው የሚጠብቀው ስም ነበረው። ያለፈውን ሳምንት ንግግሩን የሚያስታውሰው አድማጭ ነበርና። ዋስትና ከመታወቂያ ይልቅ ከመታወስ ጋር ይዛመዳል። ዛሬ የተከፈተና ነገ የሚዘጋ አካውንት ግን የሚያስታውሰው የለውም።

የሁለቱ ጥያቄዎች መዛባት እስከ ሞት ይደርሳል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ቤተሰቡ እንደሚለው ቀደም ብሎ ፌስቡክ ላይ በተለጠፉ ጽሑፎች ስማቸው፣ ፎቷቸውና ብሔራቸው ተጠቅሶ ተወንጅለው ነበር። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በኬንያ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። እዚህ ላይ የድሮው ሙግት ፍጹም ተገልብጧል። በፌስቡክ የተወነጀሉት ሰው ማን እንደሆኑ በሙሉ ተገለጠ፤ ለቃሉ የሚጠየቅ ወንጃይ ግን በቦታው አልነበረም። ቢያንስ ያ መንገደኛ ዳኛ «ዋስህን ጥራ» ይል ነበር።

ሕጉ ይህን ክፍተት በራሱ መንገድ ሊሞላ ሞክሯል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል። ብዙ ሰሚ ያለው ብዙ ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን ሐሰቱን ከሐሳብ የሚለየው ሥልጣን ያለው አካል ሲሆን፣ ዋስ አስጠሪውም ተሟጋቹም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ኃላፊነትን ሁሉ ለሕግ ብንተወው ያልደፈረው ዝም ይላል እንጂ ክርክሩ አይሻልም።

ታዲያ ዳኛ፣ በቅሎና ቁራኛ በሌሉበት ምን ይቀራል? ፕላቶን «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ ካሊክለስ ከተባለ ብርቱ ወጣት ጋር ሲሟገት ያሳያል። ሶቅራጥስ የሚጠይቀው አንድ ዋስትና ነው፦ የምታምንበትን ተናገር። ከዚህ ሌላ ስም፣ ሀብትም ሆነ ማዕረግ አይጠይቅም። እሱም ስሕተቱን የሚያሳየው ቢያገኝ ከመርታት ይልቅ መረታት እንደሚጠቅመው ይናገራል። ካሊክለስ ነገሩ ሲከፋበት የሚመልሰው የንግግር መምህሩን ጎርጊያስን ደስ ለማሰኘት ብቻ እንደሆነ ይነግረዋል፤ አንድ ቦታ ላይም መልስ መስጠቱን ይተዋል፤ ሶቅራጥስም ጠያቂም መላሽም ራሱ ሆኖ ለጊዜው ብቻውን ይቀጥላል። ያ ሁሉ ብልሃት መያዣ ያላስያዘን ሰው መርታት አልቻለም። ካሊክለስ የሚናገረው ለተመልካች ነበርና በተመልካች ፊት ምንም አላጣም። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ሥርጭት የሚሟገቱት ሁለት ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ከእኛ ጋር ነው፤ ስጦታው ከእኛ ይመጣልና።

ስለዚህ ከማያውቁት ሰው ጋር ወደ ክርክር ከመግባት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «ምን ቢታይህ ሐሳብህን ትለውጣለህ?» ይህ የዘመናችን ዋስ ነው። መልስ ያለው ሰው፣ በቅጽል ስምም ቢመጣ፣ የሚረታበትን አስቀምጧልና ሊሟገቱት ይገባል። «ምንም» የሚለው የያዘው አቋም ነው፤ አቋሙን ይዞ ይሂድ። እንዲህ ያለውን ትቶ መሄድ እንደ ሽንፈት ሊቆጠርብን አይገባም፤ ድሮም ተሟጋች መጀመሪያ ዋስ ይጠራ ነበር። ችግሩ ጥያቄው ወደ ጠያቂውም መመለሱ ነው። ሌላውን ዋስ ጥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የራሱን መጥራት አለበት፤ በሚወደው ወገን ላይ የሚፈርድበትን ማስረጃ አስቀድሞ መናገር ያልቻለም እስካሁን ደጋፊ ነው እንጂ ተሟጋች አልሆነም።