ጥንካሬና ግትርነት

ከያዘው አቋም ንቅንቅ የማይል ሰው ሲወደስ «ብረት ነው» ይባላል። በዚህ ውዳሴ ውስጥ ጠንካራ ማለት የማይታጠፍ፣ መታጠፍም መሸነፍ ነው የሚል ፍርድ ተሸሽጓል። ይሁን እንጂ ምሳሌ የተደረገው ቁስ አካል ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከውዳሴው ጋር አይስማማም።

አልማዝ ካርቦን ከተባለው ኢ-ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር የተገነባ ነው። ከተፈጥሮ ማዕድናት መካከል በጥጥርነቱ አቻ የለውም፤ በመዶሻ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ አቶም ከ4 ጎረቤቶቹ ጋር በተወሰነ አቅጣጫ ስለተቆላለፈ ትስስሩ ወይ ይጸናል ወይ ይበጠሳል፤ ሦስተኛ መንገድ አያውቅም። ወርቅ በአንጻሩ ለስላሳ ነው፤ ቢቀጠቀጥ ግን ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳል እንጂ አይፈረካከስም። አቶሞቹን የሚያስተሳስሯቸው ኤሌክትሮኖች የጋራ ሀብት በመሆናቸው አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ማኅበሩ አይፈርስም። በሁለቱ ወገኖች መካከል ከሚመደቡት ሜታሎይዶች አንዱ የሆነው ሲሊኮንም እንደ ብረት እያብረቀረቀ፣ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ይደቃል። እንግዲህ ጥጥርነትም ሆነ አብረቅራቂ ገጽታ የጽናት ዋስ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ መታጠፍ ሁሉ በጎ ነውን? እርሳስም ይታጠፋል፤ ለመጣው ሁሉ ስለሚታጠፍ ግን የሚያገለግል ስለት አይወጣለትም። ከግትርነት የሸሸ ሁሉ ጥበብ ላይ ደርሷል ማለት አይቻልም።

መልሱ የሚገኘው ከብረት ሠሪው ምድጃ ዘንድ ነው። ብረት ከ2 በመቶ ያነሰ ካርቦን ሲዋሐደው አረብ ብረት ይሆናል። ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠጥራል፤ በዚያው ልክም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው እንደገና በመጠኑ ያሞቀዋል፤ ለስለት መሣሪያ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብረቱ ከጥጥርነቱ ጥቂቱን ይለቅና መከራን የመቻል ኃይል ያገኛል።

ይህን ምሥጢር በእጁ የያዘው ብረት ቀጥቃጭ በኢትዮጵያ ለዘመናት «ቡዳ» እየተባለ ተንቋል። ገበሬው እርሱ በሠራው ማረሻ እያረሰ ከእርሱ ጋር ማዕድ መቁረስን ተጸየፈ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዕድሜ ኖሯል። ለብረት ውዳሴ የማይሰስት ኅብረተሰብ የብረትን ትምህርት አልተቀበለም፤ ልማዱን አጠጠረ እንጂ ዳግም ወደ እሳት አላቀረበውም።

እንግዲህ የሰው ጽናት የሚመዘነው ታጠፈ ወይስ አልታጠፈም በሚለው ብቻ አይደለም። ምን ለቀቀ? ስለ ምንስ ለቀቀ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምሳር ከጥጥርነቱ ጥቂቱን የሚለቀው ስለቱን ለማዳን ነው። እርሳስ የሚያድነው ስለት የለውም። ግትሩ ደግሞ ስለቱን ሳይለቅ ከስለቱ ጋር ይሰበራል።