ሐንዞላ ፍርሃቱን አልዋጠም



ፈተና ወይም ሥራ ማጣት ሲያስፈራን ለጓደኛ እናወራለን። «ሶላቴ የውሸት ቢሆንስ? ሰው የሚያየውና ቀልቤ ውስጥ ያለው ባይገጥምስ?» የሚለውን ግን እንውጠዋለን። የተዋጠ ፍርሃት አድሮ ያድጋል። አንዳንዱን ወጣት «እኔ ሙናፊቅ ነኝ፤ በምን ፊቴ ሶፍ ውስጥ እቆማለሁ?» እያሰኘ ቀስ በቀስ ከመስጂድ ያርቀዋል።

ይህ ፍርሃት ዛሬ የመጣ አይደለም። ሐንዞላ (ረ.ዐ) ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ አቡበክር (ረ.ዐ) አግኝተውት እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» ብሎ አላለፈም። ሙናፊቅ ሆኛለሁ አላቸው። ምክንያቱንም ነገራቸው፦ ነቢዩ ዘንድ ሲቀመጥ ጀነትና ጀሀነምን በዓይኑ የሚያይ ያህል ይሆናል፤ ወደ ቤተሰቡና ወደ ንብረቱ ሲመለስ ግን ብዙውን ይረሳል።

አቡበክር ምን አደረጉ? አልገሠጹትም፤ ነገሩንም አላቃለሉበትም። እርሳቸውንም ያው እንደሚገጥማቸው ነገሩት። ከዚያ አብረው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። ነቢዩም በዚያ ሁኔታ ብቻ ቢዘልቁ ኖሮ መላእክት በመኝታቸውም በመንገዳቸውም ይጨብጧቸው እንደነበር፣ የሰው ልጅ ግን ለዚህም ለዚያም ጊዜ እንዳለው አስረዷቸው። ይህ ለወንጀል ፈቃድ አይደለም። የቀልብ ከፍ ዝቅ ማለት ብቻውን ኒፋቅ እንዳልሆነ ማስተማሪያ ነው።

አስተውሉ! አንዱ ተናገረ፣ ሌላው «እኔም» አለ፣ ሁለቱም ዐዋቂ ጠየቁ። ሐንዞላ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ መልስ ለእኛም ባልደረሰን ነበር።

ሙሳም (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ እንዳይገድሏቸው መፍራታቸውን ለጌታቸው በግልጽ ተናግረዋል። ወንድማቸው ሃሩን አብሯቸው እንዲላክም ለምነዋል፤ አላህም ሰጣቸው። ፍርሃትን መናገርና አጋዥ መፈለግ ነቢይን ካላሳነሰ እኛን እንዴት ያሳንሰናል?

ስለዚህ ሙሐሰባችሁን ሁልጊዜ ለብቻ አታድርጉት። ከጁሙዓ በኋላ ከምታምኗቸው ሁለት ሦስት ጓደኞች ጋር ተቀመጡ፤ እህቶች ከእህቶች፣ ወንድሞች ከወንድሞች። እያንዳንዳችሁ አንድ ፍርሃት ተናገሩ። ከዚያ አብራችሁ ለዩት፦ ይህ ተውበት የሚሻ ነው? ሥራና ዝግጅት የሚሻ ነው? ወይስ ጆሮ የማይሰጠው ወስዋስ ነው? ያልገባችሁን ወደ ዐዋቂ ውሰዱት።

ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ አላህ የሸፈነውን ወንጀል አትዘርዝሩ፤ የሚነገረው ፍርሃቱ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ የተነገረ አማና ነው፤ ለቀልድም ቢሆን ከዚያ አይውጣ።

ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ትምህርት ወይም ሥራ ካስተጓጎለ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ፍርሃትን ሕክምና ከሚያሻቸው የነፍስ ሕመሞች ቆጥረውታል። መታከም የኢማን ጉድለት አይደለም።

ዛሬ አንድ ወንድማችሁን ወይም አንዲት እህታችሁን «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» በሉ። መልሱንም ሳትቸኩሉ ስሙ። ምናልባት ከመስጂድ ሊቀር አንድ እግሩን ያወጣ ሐንዞላ አጠገባችሁ ይኖራል።

አላህ ቀልባችንን በዲኑ ላይ ያጽናልን፤ ፍርሃታችንን በሰላም ይለውጥልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ! ሱረቱል ከህፍንና ሶለዋትን አንርሳ።