ልማድ የሆነ ጸሎት ግብዝነት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በወጣቶች መካከል፣ ይልቁንም በከፍተኛ ትምህርት ላይ በምንገኘው ዘንድ፣ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልቤ ሳይነካ፣ አሳቤም ሳይሰበሰብ፣ ሰዓቱ ደረሰ ብዬ ብቻ ብጸልይ እግዚአብሔርን መሸንገል አይሆንብኝምን?» የሚል ነው። ይህን የስንፍና ሰበብ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት እውነትን የሚወዱ ናቸው። አንዳንዶቹም ግብዝ ላለመሆን ሲሉ መጀመሪያ የማታውን ጸሎት፣ ቀጥሎ የጠዋቱን፣ በመጨረሻም ቅዳሴውን ትተው ርቀዋል። ስለዚህ ነገሩን በጥንቃቄ ልንመረምረው ያስፈልጋል።

በእርግጥ እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ፣ በከንፈሩ እያከበረው በልቡ የራቀውን ሕዝብ ወቅሷል። ጌታችንም ይህንኑ ወቀሳ ለጻፎችና ለፈሪሳውያን ጠቅሶባቸዋል። ነገር ግን የተወቀሰው ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ግብዝ የተባለው በመንገድ ማዕዘን ቆሞ ሰው እንዲያየው የሚጸልይ ነው፤ በውስጡ የሌለውን፣ እንዲኖረውም የማይሻውን በውጭ ያሳያል። በሩን ዘግቶ፣ ማንም ሳያየው፣ በደከመ ልብ የሚቆም ሰው ግን ለማን ይታያል? እርሱ የሌለውን አለኝ አይልም፤ የሌለውን ይለምናል። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ፈቃዳቸው ነው።

ደግሞም ፍቅርን ሁሉ በስሜት የምንለካ ከሆነ ብዙ መልካም ነገር ሐሰት ይሆንብናል። ሕፃን ሲያለቅስባት በእኩለ ሌሊት የምትነሣ እናት ከእንቅልፏ ስትነሣ ደስ እያላት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ግብዝ ናት የሚላት የለም፤ እንዲያውም ፍቅሯ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው። በቋንቋችንም ሕፃኑ መሄድ ለመደ፣ ተማሪው ማንበብ ለመደ እንላለን። ልማድ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። ሳይለምዱ ማወቅ እንደሌለ፣ በጸሎትም ሳይቆሙ ጸሎትን መውደድ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ የጌታችንን ኑሮ እንመልከት። ወንጌላዊው ሉቃስ በ4ኛው ምዕራፍ ጌታችን በናዝሬት በሰንበት ቀን ወደ ምኩራብ የገባው እንደ ልማዱ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ22ኛው ምዕራፍም ወደ ደብረ ዘይት የሄደው እንደ ልማዱ መሆኑን ይነግረናል። ይህ ልማድ የታወቀ ስለ ነበረ ይሁዳ ጭፍሮቹን ይዞ ሲመጣ ቦታው አልጠፋውም። በዚያችም ሌሊት ጌታችን ሦስተኛውን ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ቅዱስ ማቴዎስ ጽፏል። ልማድና የተደገመ ቃል በራሳቸው የልብ መራቅ ምልክት ቢሆኑ ኖሮ በጌቴሴማኒ ባልተገኙ ነበር።

ነቢዩ ዳንኤልንም እናስብ። ለ30 ቀን ከንጉሡ በቀር ማንንም የሚለምን ሁሉ ወደ አንበሶች ጕድጓድ ይጣል የሚል ትእዛዝ በወጣ ጊዜ፣ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ። ይህን የጀመረው በዚያ ቀን አልነበረም፤ ቀድሞም ያደርገው ነበር። ድፍረቱ ድንገት የመጣለት አይደለም፤ ማንም በማይፈራበት በሰላሙ ዘመን ጥቂት በጥቂት ያከማቸው ነው። በፈተና ቀን መጸለይ ልንጀምር የምናስብ እኛ ከዚህ ብዙ እንማራለን። እስራኤልም በምድረ በዳ መናውን በየማለዳው ይለቅሙ ነበር፤ ከሰንበቱ ድርሻ በቀር ያሳደሩት ይተላ ነበር። የእሑድ ስብከት ብቻውን እስከ ዓርብ አያደርሰንም።

አባቶቻችን ይህን አውቀው ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፈሉት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ውዳሴ ማርያምን ለሰባቱ ዕለታት አከፋፈሉ፤ ረቡዕንና ዓርብን ለጾም ለዩ። ሰው በየማለዳው «ዛሬ ልጸልይን?» እያለ ከራሱ ጋር እንዳይሟገት መንገዱን ጠርገውለታል።

የተማሪ ጊዜ ጠባብ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም በአቅማችን ልንጀምር እንችላለን። ከእንቅልፍ ስንነቃ ስልካችንን ከማንሣታችን በፊት አማትበን አቡነ ዘበሰማያት እንበል። በቀን አንድ መዝሙር የሚደግም ሰው 150ውን መዝሙረ ዳዊት በአምስት ወር ይፈጽማል። በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብም የአራቱን ወንጌላት 89 ምዕራፎች በሦስት ወር ውስጥ ይጨርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? ሸክሙንም ከራሳችን ጋር ብቻ ተማክረን አንቍረጥ፤ የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ። በአንድ ሳምንት ግለት ከአቅም በላይ የተያዘ ሥርዓት በሁለተኛው ሳምንት ይጣላልና።

ይሁን እንጂ ልማድ ሊሞት እንደሚችል አንሸሽግ። እንስራ ውኃ አይደለም፤ ያለ እንስራም ከምንጭ ውኃ ቀድቶ ቤት የገባ የለም። ባዶውን እንስራ ተሸክመን እንዳንመላለስ ታዲያ በምን እንወቅ? በጸሎት ጊዜ ዕንባ በመምጣቱ ወይም በመቅረቱ አይደለም። ከጸሎት ተነሥተን በአንድ ክፍል አብሮን የሚያድረውን ባልንጀራችንን ይቅር እንላለንን? በጾማችን ያተረፍነው ምግብና ገንዘብ ለተራበው ይደርሳልን? ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ስለ ጾም የጠየቀው ይህንኑ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነም መድኃኒቱ ጸሎቱን መተው አይደለም፤ ጸሎቱ የጠየቀንን ማድረግ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልባችን የቀዘቀዘ በመሰለን ቀን ራሳችንን ግብዝ ብለን ከፊቱ አንራቅ። ቅዝቃዜያችንን ራሱን ይዘን እንቁም፤ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ያለኝ ይህ ነው» ማለትም እውነተኛ ጸሎት ነውና። የጀመርነውን ለመፈጸም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።