ምትክ

ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ቁጥር 236ን ሲያወጣ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ እንዲቆይ ደነገገ። በወረቀት ላይ አዋጁ ሁሉን በእኩል ይጠራ ነበር። በተግባር ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ወረደ፤ ኮታም የሚጠይቀው የራስ ቁጥር ነው፣ የማን ልጅ መሆኑን አይጠይቅም። ገንዘብ ያለው ከፍሎ ልጁን አስቀረ፣ ዘመድ ያለው ተደበቀ፣ መንገድ የቀናው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ የጎደለውም ከገበያና ከጎዳና በአፈሳ ተሟላ።

በስደት የምንኖር ተማሪዎች ስለዚያ ግዳጅ ስንከራከር ዘወትር የምናነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሕዝብ ያልመረጠው መንግሥት ዜጋውን «ሙትልኝ» ለማለት መብት አለውን? የለውም ብለን እንነሣለን፤ ጥያቄውን የምንወደውም መልሱ ስለማያስቸግረን ሳይሆን አይቀርም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። የሸሸው ሰው ቦታ ባዶ አልቀረም። በእርሱ ፈንታ የተያዘው የጎጃም ወይም የወላይታ ገበሬ ልጅ በናቅፋ ግንባር ወደቀ፤ ወይም በ1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ተማረከ፤ ወይም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በየመንገዱ ለምኖ አዳሪ ሆነ። ለመሆኑ የሸሸው ለዚህ ልጅ ምን አለበት?

ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» ወደ ነገሩ ይጠጋል። ዝመት የተባለ ሰው በፈንታው ብቁ ወታደር ካቆመ እምቢታው በደል አይሆንበትም ይላል፤ በፍርሃት ከውጊያ የሚሸሸውንም ክብር አጣ እንጂ በደል ሠራ አይለውም። በዚህ ስሌት ሸሺው ከመንግሥት ጋር ያለው ሒሳብ ተዘጋ። ስለ ምትኩ ፈቃድ ግን ሆብስ በዚያ ስፍራ አንዲት ቃል አይናገርም።

እኛ በምንማርበት በኦሃዮም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ከግዳጅ ውትድርና የሚያቆየው ደንብ ነበረ፤ ጥሪው የበረታው ኮሌጅ መግባት ባልቻለው በድኃና በሠራተኛ ልጅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎችን ተኩሶ ገደለ። በዚያው ወር እዚህ ኮለምበስ ያለው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ለጊዜው ተዘጋ። በዚያ ዘመን ወደ ብሔራዊ ዘብ ከሚገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ቬትናምን ለማምለጥ የገቡ ነበሩ። ከጠመንጃው ወዲህም ወዲያም ከአንድ ጦርነት የሸሸ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ቬትናም ያለው ምትክ በዚያ ሜዳ አልታየም።

«ጥፋቱ የአስገዳጁ ነው» የሚሉ ጓዶች አሉ፤ ልክ ናቸው። ሆኖም ጥፋትና ዕዳ ለየቅል ናቸው። መሸሽ ጥፋት አልነበረም፤ ነገር ግን የተረፈው በሌላ ሰው ነውና፣ ያን ሰው «የደርግ ወታደር» ብሎ ለመናቅ መብት የለውም ብለን እናምናለን። የስደት መጽሔቶች ለወደቁት ታጋዮች አያሌ ገጽ ሰጥተዋል፤ ተገዶ ለወደቀው ገበሬ የሰጡት እጅግ ጥቂት ነው።

ዛሬ በሕግ ረገድ የሠራዊት ምልመላ በፈቃደኝነት ነው። ቢሆንም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ለምልመላ በግዳጅ የተያዙ ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ጭምር፣ መኖራቸውንና ለመልቀቂያም ገንዘብ መጠየቁን ገልጿል። ወንድሙ ተይዞ ከኮለምበስ ገንዘብ የማይልክ ማን ነው? እኛም እንልካለን፤ አትላኩ የሚል ፍልስፍናም ከቶ አንቀበልም። በማግስቱ በወንድማችን ቦታ ማን እንደ ተያዘ ለማወቅ ግን ሁለተኛ ስልክ መደወል ይኖርብናል።